የልጅቷ ስም ማን ይባል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህች አነስተኛ ጽሑፍ ስለ ስም ጥቂት እንነጋገራለን። «በጾም ወቅት ስለ ጸሎት፣ ስለ ስግደት፣ ስለ ንስሐ ይጻፋል እንጂ ስለ ስም ምን ይጻፋል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ስም፣ ይልቁንም ስመ ክርስትና፣ ከጸሎትም ከንስሐም የማይለይ ነው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አንብቡልን።

ሦስት ስም፣ አንዲት ሕፃን

ነገሩ የሆነው በአዳማ ከተማ ነው። አንድ ወጣት ባልና ሚስት ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ዕለት፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ወለዱ። ሴት ናት። ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በዘወረደ፣ የንስሐ አባታቸው ቤቱን ጠበል ሊረጩ ሲሄዱ እኔም ተከትያቸው ሄጄ ነበር። ጸሎቱ አልቆ፣ የጾም ቡና ተፈልቶ እንደተቀመጥን የሕፃኗ ስም ነገር ተነሣ።

አባትየው፣ «አባ፣ እኔ ናዝሬት ብያታለሁ። ተወልጄ ያደግሁበት ከተማ ያኔ ናዝሬት ነበር የሚባለው። ስሙን ስሰማ ልጅነቴ ነው ትዝ የሚለኝ» አለ።

ከመቂ ለማረስ የመጡት የእናትየው እናት ደግሞ ሕፃኗን እንዳቀፉ ቀና አሉና፣ «እኔማ ሃዊ ነው የምላት። ስንት ዓመት የተመኘናት ልጅ እኮ ናት!» አሉ። ሃዊ በኦሮምኛ ምኞት፣ ናፍቆት ማለት ነው።

እናትየውም ፈገግ ብላ፣ «እኅቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውላ ‹ማራ በሏት፤ አጭር ነው፣ ዘመናዊ ነው፣ ከመጽሐፍ ቅዱስም ነው› ትለኛለች» አለች።

አባም ሣቅ አሉና፣ «ከመጽሐፍ ቅዱስ መሆኑስ እውነት ነው። ግን ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ልጆቿን ቀብራ በሐዘን ስትመለስ ለራሷ ያወጣችው ስም ነው። መራራ ማለት ነው። ይህቺን ማር የመሰለች ልጅ ለምን መራራ ትሏታላችሁ?» አሉ። ሁላችንም ሣቅን። (ታሪኩ በመጽሐፈ ሩት 1፥20 ይገኛል።)

ከዚያም አባ፣ «ለመሆኑ ክርስትናው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ባልና ሚስቱ ተያዩ። አባትየው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አባ፣ ከፋሲካ በኋላ አስበናል። ሰማንያ ቀኗ መጋቢት 8 ላይ ይውላል፤ ጾም መካከል ነው። ዘመድ ከአዲስ አበባም ከአሰላም ይመጣል። የመጀመሪያ ልጅ ነች፤ እንዴት ሰውን በሽሮ እንሸኛለን?» አለ።

አባ አልተቆጡም። ፍንጃሉን አስቀመጡና ድንገት ሌላ ነገር ጠየቁት፤ «ልጄ፣ የአንተ ስመ ክርስትና ማን ነው?»

«እ... ወልደ... አይ፣ ገብረ... ገብረ ማን ነበር?» አለና ሣቀ። ማንም ግን አብሮት አልሣቀም። እሱም ሣቁን አቆመ። «እናቴ ነበረች የምታውቀው። እሷም ዐረፈች» አለ ቀስ ብሎ።

አባም፣ «እንግዲህ መጀመሪያ የአንተን ስም ፈልገህ አምጣ፤ ከዚያ የልጅህን ስም እንነጋገራለን» ብለው መስቀላቸውን አሳልመው ተነሡ።

እናንተ ይህንን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ከዚህ በታች ያለውን ከማንበባችሁ በፊት እስቲ ለአፍታ ቆም በሉ። የእናንተ ስመ ክርስትና ማን ነው? የልጆቻችሁስ?

ስም በእግዚአብሔር ፊት

እግዚአብሔር ለስም ግድ አለው። አዳም ሚስቱን ሔዋን ብሎ የጠራት የሕያዋን ሁሉ እናት ስለሆነች ነው (ዘፍ. 3፥20)። አብራምን አብርሃም፣ ሦራን ሣራ ብሎ ስማቸውን የለወጠ እርሱ ራሱ ነው (ዘፍ. 17)። ያዕቆብን እስራኤል አለው። ጌታችንም ስምዖንን ገና ከመጀመሪያው ቀን ኬፋ፣ ጴጥሮስ ብሎታል (ዮሐ. 1፥42)። ስም የሚለወጠው ሰውዬው አዲስ ጥሪ ሲቀበል ነው። አዲስ ስም ማለት አዲስ ኑሮ ማለት ነውና።

ወላጆች በሐዘን ወይም በብስጭት ስም ሲያወጡም መጽሐፍ ያስተምረናል። ራሔል በምጥ ልትሞት ስትል ልጇን ቤንኦኒ፣ የሐዘኔ ልጅ፣ አለችው። ያዕቆብ ግን ብንያም፣ የቀኝ እጄ ልጅ፣ ብሎ ጠራው (ዘፍ. 35፥18)። ልጁ የእናቱን ሞት ዕድሜውን ሙሉ በስሙ ተሸክሞ እንዳይዞር አባቱ ራራለት። በእኛም ሀገር ልጅ የሞተበት ሰው ቀጥሎ የተወለደችውን ካሳነሽ፣ ምትኬ፣ ማስረሻ ይላታል። ይህ ፍቅር ነው፤ እግዚአብሔር ካሰኝ ብሎ ማመስገን ነው። ነገር ግን ወንድ ሲጠበቅ ሴት መጣች ተብሎ በንዴት የሚወጣ ስም አለ፤ ይህ ግን በንጹሕ ሕፃን ላይ የሚጫን ሸክም ነው። እንዲህ ያለ ስም ያወጣ ካለ ከያዕቆብ ይማር።

ስለ ስም የዘመዶች ክርክርም አዲስ አይደለም። መጥምቁ ዮሐንስ ሲወለድ ዘመዶቹ ሁሉ «በአባቱ ስም ዘካርያስ ይባል» ብለው ነበር። እናቱ ኤልሳቤጥ ግን ዮሐንስ ነው አለች። ዲዳ የነበረው አባቱ ሰሌዳ አስመጥቶ ይህንኑ ጻፈ፤ ያን ጊዜም አንደበቱ ተፈታ (ሉቃ. 1፥59-64)። እግዚአብሔር የሰጠውን ስም ሲቀበል የተዘጋ አፉ ተከፈተ።

ናዝሬት ማለት ምን ማለት ነው?

በሀገራችን ሴት ልጅን በቅዱሳት መካናት ስም መጥራት የተለመደ ነው። ቤተልሔም፣ ኢየሩሳሌም፣ ጽዮን፣ ገሊላ፣ ቢታንያ፣ ዮርዳኖስ፣ ኤደን እንላለን። ቤተልሔም የእንጀራ ቤት ማለት ነው፤ ኤደን ደግሞ ተድላ፣ ደስታ። እናት ልጇን በዚህ ስም በጠራች ቁጥር የጌታን ሀገር ታነሣለች። መልካም ልማድ ነው። ታዲያ ናዝሬትስ?

ናዝሬት በገሊላ የምትገኝ ትንሽ መንደር ነበረች። በብሉይ ኪዳን መጻሕፍት አንድም ጊዜ ስሟ አልተነሣም። ናትናኤል ስለ ጌታችን በሰማ ጊዜ፣ ከናዝሬት ደግሞ ምን መልካም ነገር ይወጣል ብሎ መጠራጠሩን ወንጌል ይነግረናል (ዮሐ. 1፥46)። የተናቀች፣ ማንም ከቁጥር የማያስገባት መንደር ነበረች ማለት ነው። የስሟን ትርጉም ብዙ ሊቃውንት በዕብራይስጥ ቡቃያ፣ ቁጥቋጥ ከሚለው ቃል ጋር ያያይዙታል። ነቢዩ ኢሳይያስ ከእሴይ ግንድ በትር እንደሚወጣ፣ ከሥሩም ቁጥቋጥ እንደሚያቆጠቁጥ የተናገረው ትንቢት (ኢሳ. 11፥1) በዚህ ስም ውስጥ ይታያቸዋል። ወንጌላዊው ማቴዎስም ጌታ በናዝሬት ማደጉ የነቢያት ቃል እንዲፈጸም ነው ይላል (ማቴ. 2፥23)። አንዳንዱ ሰው ናዝሬትንና ናዝራዊን አንድ ያደርጋቸዋል። ናዝራዊ ግን እንደ ሶምሶን ለእግዚአብሔር የተለየ ሰው ነው (ዘኍ. 6)፤ በዕብራይስጥም ከተማዋ የምትጻፈው በጸ ሲሆን ናዝራዊ የሚጻፈው በዘ ነው።

የእኛዋ ከተማስ? አዳማ የሚለው የቀድሞ ስሟ አዳሚ ከሚለው የኦሮምኛ ቃል እንደመጣ ይነገራል። አዳሚ ቁልቋል ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ናዝሬት ብለው ሰየሟት፤ በዚያው መንገድ ላይ ያለችው ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት ተብላ ነበር፤ ደብረ ዘይት የዐቢይ ጾም እኩሌታ የሆነው እሑድ መጠሪያ እንደሆነ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከተማችን አዳማ ወደሚለው ስሟ በይፋ ተመለሰች። ዛሬም ግን በየቤቱ ሁለቱንም ስም የሚጠራ አለ። ልብ ብላችሁ ካያችሁት አንዱ ስም ቁልቋል ነው፣ ሌላው ቡቃያ ነው። ቁልቋል በደረቅ መሬት፣ በጠራራ ፀሐይ ውኃ ይዞ ይቆማል። ቡቃያ ደግሞ ከተቆረጠ ግንድ ላይ ተስፋ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱንም ተክሎች የፈጠረ አንድ እግዚአብሔር ነው፤ በስም የሚጣላ ሰው ካለ ይህንን ያስብ።

እንግዲህ ናዝሬትን ታላቅ ያደረጋት ምንድን ነው? አንዲት ድንግል ናት። መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል ከእግዚአብሔር ዘንድ የተላከው ወደዚያች መንደር ነው (ሉቃ. 1፥26)። ቤተ ክርስቲያናችን ይህንን ጽንሰት መጋቢት 29 ታስበዋለች። ዕለቱ በጾም ላይ ስለሚውል በዓሉ ታኅሣሥ 22 በድምቀት ይከበራል።

አሁን እዚህ ላይ አስተውሉ። መልአኩ እመቤታችንን በታላቅ ክብር፣ ጸጋን የተመላች ብሎ ሰላምታ አቀረበላት። ማርያም የሚለው ስሟ ራሱ ጸጋና ሀብት ማለት እንደሆነ አባቶቻችን ይተረጉማሉ። እርሷ ግን መልስ ስትሰጥ ራሷን ምን ብላ ጠራች? የጌታ አገልጋይ ነኝ አለች (ሉቃ. 1፥38)። በግእዙ የተናገረችው ቃል «አመት» የሚለው ነው። ሴት አገልጋይ ማለት ነው። ከሰማይ ጸጋን የተመላሽ ሆይ ተባለች፤ ከምድር አገልጋይ ነኝ ብላ መለሰች። የሰማይና የምድር ጌታ በማኅፀኗ ያደረው በዚህ መልስ ነው።

ወለተ እና አመተ

የሴቶች እኅቶቻችን ስመ ክርስትና ብዙውን ጊዜ በሁለት ቃላት ይጀምራል። አንዱ ወለተ ነው፤ የእገሌ ልጅ ማለት ነው። ወለተ ማርያም፣ ወለተ ሚካኤል፣ ወለተ ሐና፣ ወለተ ሰንበት እንላለን። ሁለተኛው አመተ ነው፤ የእገሌ አገልጋይ ማለት ነው። አመተ ሥላሴ፣ አመተ ማርያም እንላለን። የወንዶቹ ወልደ እና ገብረ እንደሆነው ማለት ነው። አስካለ ማርያም፣ ጽጌ ማርያም፣ ፍቅርተ ማርያም የሚባሉም አሉ። አስካል የወይን ዘለላ ነው፤ ጽጌ አበባ ነው።

እንግዲህ አመተ የተባለች ሴት ሁሉ ስሟ የተወሰደው በናዝሬት ከተነገረው መልስ ነው። ያ ቃል ከእመቤታችን አፍ የወጣ ነው። ወለተ የተባለችም ብትሆን በዓለም ድሀ አደግ ብትሆን እንኳ በሰማይ ቤተሰብ እንዳላት ስሟ ይመሰክርላታል።

በታሪካችን ታላላቅ የነበሩት ሴቶች ይህንን ስም ይዘው ኖረዋል። እቴጌ ምንትዋብ በክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነበሩ። እቴጌ ጣይቱ ወለተ ሚካኤል ነበሩ። ንግሥት ዘውዲቱ አስካለ ማርያም ነበሩ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ሃይማኖቴን አልለውጥም ብላ ከክብሯና ከትዳሯ ተለይታ የተሰደደችው እናታችን ወለተ ጴጥሮስ ደግሞ እስከ ዛሬ የምትታወቀው በዚሁ ስሟ ነው፤ ኅዳር 17 ዕረፍቷን እናከብራለን። የጴጥሮስ ልጅ ተብላ ነበርና እንደ ዓለት ጸናች። ይህችን ከተማ ናዝሬት ያሏት ንጉሠ ነገሥት ራሳቸውም የዓለም ስማቸው ተፈሪ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የነገሡት ግን በክርስትና ስማቸው፣ በኃይለ ሥላሴ ነው።

ወገኖቼ፣ «ታዲያ የዓለም ስም ከንቱ ነው?» እንዳትሉ። አይደለም። ጫልቱም፣ ሃዊም፣ ትዕግሥትም፣ ናዝሬትም የወላጅ ፍቅር ያወጣቸው ስሞች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን በኦሮምኛ ስም የተጠራችን ልጅ በአማርኛ ካልተጠራሽ አላጠምቅሽም አላለችም፤ ልትልም አይገባም። የዓለም ስም ወላጅ ለልጁ የተመኘውን ይናገራል። ስመ ክርስትና ግን ልጅቷ የማን እንደሆነች ይናገራል። ልዩነቱ ይህ ነው።

ለምን በሰማንያ ቀን?

አዳም በተፈጠረ በአርባ ቀን፣ ሔዋንም በሰማንያ ቀን ገነት እንደገቡ መጽሐፈ ኩፋሌ ይነግረናል። በኦሪቱም ሕግ የወለደች እናት ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን ቆይታ ነው ወደ መቅደስ የምትቀርበው (ዘሌ. 12)። ቤተ ክርስቲያናችን ወንዱን በአርባ፣ ሴቷን በሰማንያ ቀን የምታጠምቀው ሔዋን ከገነት ስትወጣ ያጣችውን ልጅነት ይህቺ ሕፃን በጥምቀት መልሳ እንድታገኝ ነው። ጌታችን ለኒቆዲሞስ ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ እንደማይችል አስተምሮታል (ዮሐ. 3፥5)።

ታዲያ ልጅቷን ገነት በር ላይ አቁሞ «ቆይ፣ በጉ ይድረስ» ማለት ምን ይሉታል? አዎን፣ ልጅ ስትወለድ ሰው መጥራት፣ ማብላት፣ ማጠጣት ደግ ነው። ነገር ግን ክርስትናው ለድግሱ ሲባል አይገፋም። ድግሱ ነው ለክርስትናው የሚደረገው። ለልደት ምዝገባ እንኳ የመንግሥት ሕግ 90 ቀን ነው የሚሰጠው፤ «ጾም ነበርና ዘገየሁ» ቢሉት ቀበሌ አይሰማም። ለቀበሌ የምንሮጠውን ያህል ለእግዚአብሔር መዝገብ አንሮጥም?

ሕፃኗ ታማ የምታሰጋ ከሆነ ሰማንያ ቀን ሳይሞላትም ትጠመቃለች። ቀኗ በሰሙነ ሕማማት የሚውል ከሆነ በዚያ ሳምንት ክርስትና ስለማይነሣ ካህኑን ቀደም ብሎ ማማከር ይገባል። ከዚህ ውጪ ጾም ለክርስትና እንቅፋት አይደለም።

ስማችንን ለምን ደበቅን?

አንዳንድ ቤት ስመ ክርስትና የሚረሳው በቸልታ ነው። አንዳንድ ቤት ደግሞ በፍርሃት ይደበቃል። «ጠላት ስሟን ሰምቶ መተት ያሠራባታል» እየተባለ ከጎረቤት ይደበቃል፣ ከአክስት ይደበቃል፤ በመጨረሻም ከልጅቷ ከራሷ ይደበቃል። እናት ትሞታለች፤ ስሙም አብሯት ይቀበራል። ልጅቷ አድጋ ጠበል ስትሄድ ወይም ሥጋ ወደሙ ልትቀበል ስትቀርብ «ስመ ክርስትና?» ስትባል ዝም ትላለች። ሰው ሲያርፍም በፍትሐቱ ካህኑ የሚጠራው ይህንኑ ስም ነው። ያን ዕለት ለቀስተኛው እርስ በርሱ «ማን ነበር ስሟ?» እያለ ሲጠያየቅ ያየ ሰው ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል።

በቅዱስ ሜሮን የታተመች፣ ማዕተብ ያሰረች፣ የክርስቶስን ሥጋና ደም የተቀበለች ልጅ የጠንቋይ ቃል ምን ያደርጋታል? ስሟ ጋሻዋ ነው። ጋሻ ደግሞ ይያዛል እንጂ በሳጥን አይቆለፍም። በየአደባባዩ አትለፍፉት፤ ከባለቤቷ ግን አትደብቁት።

ጌታ በጎቹን በየስማቸው እንደሚጠራ ተናግሯል (ዮሐ. 10፥3)። መግደላዊት ማርያም በመቃብሩ ስፍራ ስታለቅስ ከፊቷ የቆመውን ጌታ አትክልተኛ መስሏት ነበር፤ በስሟ ሲጠራት ግን ዐወቀችው (ዮሐ. 20፥16)። አርድእትም አጋንንት ተገዙልን ብለው ሲደሰቱ፣ ይልቁንስ ስማችሁ በሰማያት ስለተጻፈ ደስ ይበላችሁ ተባሉ (ሉቃ. 10፥20)። በሰማይ የተጻፈውን ስማችንን እኛ በምድር ብንረሳው እንዴት ያሳፍራል!

ወንጂ ላይ የተገኘው ስም

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ያ አባት በማግሥቱ ለእኅቱ ደወለ፤ አታውቅም። ለአጎቱ ደወለ፤ «ገብረ ነገር ነው» አለው። በመጨረሻ አንድ ሰው «የክርስትና አባትህ እኮ ወንጂ በሕይወት አሉ» ብሎ ጠቆመው። በስኳር ፋብሪካው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ልጁ ካያቸው ስንት ዓመት እንደሆነው እሱም አያስታውስም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄደ። ሽማግሌው በር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። ማን እንደሆነ ሲነግራቸው አቅፈው ሳሙት። የመጣበትን ሲነግራቸው ግን ምንም ሳይሉ ወደ ውስጥ ገብተው ጠርዙ ያለቀ መዝሙረ ዳዊት ይዘው ወጡ። በመጨረሻው ገጽ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፉ ስሞች አሉ። በጣታቸው ሦስተኛውን አሳዩት። ገብረ ሥላሴ ይላል።

«ልጄ፣ አንተ ረሳኸው እንጂ እኔ ጠዋት ጠዋት ስጠራው ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው» አሉት።

ይህንን ለአባ ሲነግራቸው እንባው ይወርድ ነበር። «አባ፣ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት፣ በመኪና አደጋ ስተርፍ፣ ‹ዕድለኛ ነህ› ይሉኝ ነበር። ለካ ስሜን የሚጠራልኝ ሰው ነበረኝ» አለ። ከዚያም ሳይጠየቅ፣ «መጋቢት 8 እናስጠምቃታለን» አለ።

መጋቢት 8 የመጻጉዕ እሑድ ማግሥት ነበር። ያ ሠላሳ ስምንት ዓመት የታመመ መጻጉዕ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው አልነበረውም (ዮሐ. 5፥7)። ይህቺ ሕፃን ግን ሰው ነበራት። የክርስትና እናቷ ታቅፋት ወደ ምዕራብ ዞራ ስለ እርሷ ሰይጣንን ካደች፤ ወደ ምሥራቅ ዞራ ሃይማኖቷን መሰከረች። ካህኑ «ስሟ?» ሲሉ «አመተ ሥላሴ» ተባለ። አባቷ የሥላሴ አገልጋይ፣ እርሷም የሥላሴ አገልጋይ። ከሰዓት በኋላ በተቀደሰው ቅዳሴም ሥጋ ወደሙ ተቀበለች።

ድግሱ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና የሱፍ ፍትፍት ነበር። ከአዲስ አበባም ከአሰላም የመጡት በልተው ጠገቡ። በቤተ ክርስቲያኑ በር የሚቀመጡ ነዳያንም ተጠርተው አብረው ተቀመጡ። በጉ ቢታረድ ኖሮ እነርሱን ማን ያስታውሳቸው ነበር? አባቷ ናዝሬት ይላታል፤ አያቷ ሃዊ ይሏታል፤ አንዱም ስም አልቀረባትም። ወንጂ ባለው መዝሙረ ዳዊት መጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ አንድ ስም ተጨምሯል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. የልጃችንን ክርስትና ለድግስ ብለን አናዘግይ። ያለንን በጾም ሥርዓት አቅርበን እንደሰት።

2. ስም ስናወጣ ትርጉሙን እንጠይቅ። ጆሮ የሚማርክ ሁሉ መልካም አይደለም።

3. ስመ ክርስትናዋን ከነትርጉሙ በመጽሐፍ ቅዱሳችን ወይም በጸሎት መጽሐፋችን እንጻፍ። የክርስትና ካርዷንም እንደ ልደት ሰርተፍኬቷ እንጠብቅላት። ነፍስ ስታውቅ እኛው እንንገራት፤ ቢያንስ ማታ በጸሎት ጊዜ በዚያ ስም እንጥራት።

4. የክርስትና አባትና እናት የሆንን፣ ሥራችን በክርስትናው ዕለት ስጦታ በመስጠት አላለቀም። እንደ ወንጂው አባት ጠዋት ጠዋት ስማቸውን እንጥራላቸው። ሃይማኖታቸውንም እናስተምራቸው፤ ስለ እነርሱ ቃል የገባነው እኛ ነንና።

5. ስማችንን የረሳን ደግሞ ዛሬውኑ እንፈልገው። የክርስትና ወላጆቻችንን እንጠይቅ፤ የተጠመቅንበትን አጥቢያ መዝገብ እናስመልከት፤ ጠፋ ብለንም ዝም አንበል፤ የንስሐ አባታችንን እናማክር። ንስሐ ማለት መመለስ ነው። ስሙን የፈለገ ሰው ወደ አባቱ ቤት መንገድ ጀምሯል።

ድል ለነሣው አዲስ ስም የተጻፈበትን ነጭ ድንጋይ እንደሚሰጠው የተናገረ ጌታ (ራእ. 2፥17)፣ በጥምቀት የተቀበልነውን ስም ሳናሳፍር ኖረን፣ በመጨረሻው ቀን በስማችን ሲጠራን «አቤት» ለማለት የበቃን ያድርገን። በናዝሬት «አገልጋይ ነኝ» ያለች እመቤታችን በአማላጅነቷ፣ የምሥራቹን ያመጣ ቅዱስ ገብርኤል በጥበቃው ከሕፃናቶቻችን አይለዩ። የጀመርነውንም ጾም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤
ወለወላዲቱ ድንግል፤
ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።